የማይቀመጠው እንየው

የእንየው አባት አያ በላይነህ በላይ ጋይንት በአንድ ነገር ይታወቁ ነበር፤ በመቀመጥ። «ዳገቴ» ብለው የሚጠሩት ማሳቸው አናት ላይ አንድ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ጠዋት ጥቂት ያርሱና ፀሐይ ስትጠነክር በሬዎቹን ፈትተው እዚያ ድንጋይ ላይ ይሰየማሉ። ሰው ሁሉ ደፋ ቀና በሚልበት ሰዓት እርሳቸው ጉልበታቸውን አቅፈው ማሳቸውን ቁልቁል ያያሉ። የክረምቱ ደግሞ የባሰ ነው። ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ ጎረቤቱ እሳት ዳር ሲሰበሰብ፣ አያ በላይነህ ገሳቸውን ደርበው ይወጡና ዝናብ እየደበደባቸው ድንጋያቸው ላይ ቁጭ ይላሉ። አገሬው ይህን አይቶ ዝም ሊል አይችልም፤ ዝምም አላለ።

«አያ በላይነህ፣ ድንጋዩ እስካሁን አልተፈለፈለም?» ይሏቸዋል መንገደኞች።

«ምን ቀረው ብለህ!» ይላሉ እርሳቸው፣ አብረው እየሳቁ።

ቀልዱ ለእርሳቸው ምንም አልነበረም። ለልጃቸው ግን እሳት ነበር። ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ብዙም ያልቆየበት፣ ሰው ሁሉ የፈረሰ ቤቱን የሚጠግንበትና ጠፍ የሆነ መሬቱን የሚያቀናበት ነው። በዚያ አገር የሚሠራ ሰው እንዲሁ አይታለፍም። አራሽም ይሁን አጫጅ፣ አላፊው ቆም ብሎ «እግዜር ያበርታ!» ይለዋል፤ ሠራተኛውም ቀና ብሎ «ያኑርህ!» ይላል። ትንሹ እንየው ይህ ቃል በግራም በቀኝም ባለው ማሳ ሲወረወር ይሰማል። አባቱ ዘንድ ሲደርስ ግን ቃሉ ይቋረጣል። ለተቀመጠ ሰው «እግዜር ያበርታ» የሚል የለማ። ምኑን ያበርታው?

ነውሩ በአጥንቱ ገባ። ገና ጺም ሳያወጣ በልቡ ማለ፤ እኔ እንየው በሕይወቴ ተቀምጬ አልታይም አለ። ሌላው ልጅ ሀብታም ልሁን፣ ጀግና ልሁን ብሎ ሲመኝ የእርሱ ምኞት ይኸው ነበር። ምስኪን።

አያ በላይነህ ከመቀመጣቸው ሌላም ጉድ ነበረባቸው። ዳገቴን ሦስት ቦታ ከፍለው አንዱን ሁልጊዜ ሳያርሱ ያሳድሩታል። ሰው መሬቱን ገምሶ፣ ደግሞ፣ ሦስተኛም ሲደግመው እርሳቸው ከሁለት አያሳልፉም። በማሳው መሐል ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የተጋደሙ፣ ሣር የለበሱ ሰፋፊ ወሰኖች አሉ፤ እነርሱን በማረሻ መንካት በቤታቸው እንደ ኃጢአት የሚቆጠር ነው። «ይህን ሁሉ መሬት ለሣር!» ይላል ጎረቤት። «ይረፍ፣ ማን ይከተለናል?» ይላሉ። ሰውዬው ነገሩን ዘርዝረው ቢናገሩ ምን ነበረበት? ግን እርሳቸው የሚያስረዱ ሰው አልነበሩም። የሞት አልጋ ላይ ሆነው እንኳ ለእንየው ያሉት «ሣሩን አትንካው፣ ልጄ» ብቻ ነው። እንየውም እጃቸውን ይዞ፣ እንባው እየወረደ፣ ይህ ሰው እስከ መጨረሻ እስትንፋሱ ለሥራ ሰነፍ ነበር ብሎ አዘነላቸው።

ተዝካራቸው እንደወጣ እንየው ዳገቴን በሙሉ አረሰ። ያደረውንም፣ ያላደረውንም። ከእስቴ ያገባት ሚስቱ ፈትለወርቅ ጎህ ሳይቀድ ቁርሱን አቀብላው ሲወጣ ታየዋለች፤ ከዚያ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት ይመለሳል። ቀትር ላይ አያርፍም። ምሳውን የሚበላው ቆሞ፣ በአንድ እጁ እርፉን ይዞ ነው። በዚያ ዓመት የገብሱ ክምር ከቤቱ በልጦ ታየ። ፈትለወርቅ ተጨማሪ ጎተራ የምትሠራበት ጭቃ ስታቦካ ከረመች። የማሳው ጥጋብ አባቱ ያሳደሩት መሬት ጥጋብ መሆኑን ማን ይንገረው? እርሱ የላቤ ዋጋ ነው አለ። መንገደኛውም ከላይም ከታችም «እግዜር ያበርታ፣ እንየው!» እያለ አለፈ። እንየው ቀና ብሎ «ያኑርህ!» ባለ ቁጥር ደረቱ ይሞላል። ከገብሱ ይልቅ የጠገበው ይህን ቃል ነበር።

ወሬው አርብ ገበያ ድረስ ወረደ። የንጉሡ የዘውድ በዓል በገበያው ሜዳ ሲከበር ከአውራጃው አንድ ኮት የለበሰ ሹም መጣና እንየውን በሕዝብ ፊት አስጠራው።

«ይህች አገር ለምን እንደደኸየች ታውቃላችሁ?» አለ ሹሙ። «ተቀማጭ በዝቶባት ነው! በየሳምንቱ በዓል ታከብራላችሁ፤ ማኅበር ትጠጣላችሁ፤ ቀትር ሲሆን በሬ ትፈታላችሁ። ይህን ሰው እዩት! ሁላችሁም እንደ እርሱ ከጨለማ እስከ ጨለማ ብትሠሩ ጎተራችሁ እጥፍ ይሆናል፤ መንግሥትም እጥፍ ያገኛል፤ አገርም ትከብራለች።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሹሙ ይህን ሁሉ ሲናገር በቅሎው ላይ ተቀምጦ እንደነበር ልብ ያለ የለም። እንየው ገና እጀታ ያልገባለት አዲስ ዶማ ተሸለመ። ዶማውን በነጠላው ጠቅልሎ፣ እንደ ታቦት አክብሮ፣ ዳገቱን ሁሉ ሳያርፍ ወጣ። አባቴ ይህን ቢያይ አለ በልቡ።

በማግስቱ እጀታ አስገባለትና የሣሩን ወሰኖች መንቀል ጀመረ። ከአባቱ አባት ጀምሮ ዶማ ያልነካው ሣር በቀላሉ አይነቀልም፤ ሥሩ መሬቱን እንደ ጥፍር ይዞታል። ፈትለወርቅ ያን ጊዜ ሕፃን ልጃቸውን ቀለመወርቅን አዝላ ነበር።

«እንየው፣ አባትህ አትንካው አላሉህም?» አለችው።

«አባቴ ምን ያላሉኝ ነገር አለ? ተቀመጥም ብለውኛል።»

ወሰኖቹ ታረሱ። ዳገቴ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ማሳ ሆነ፤ አፈሩም ሦስቴና አራቴ ከመታረሱ የተነሣ ልሞ ዱቄት መሰለ። ላየው ሰው ያምር ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ያማረ እርሻ በአካባቢው አልነበረም።

ግን መኸሩ ወረደ። ብዙ አይደለም፤ ጎተራው ከአፉ ጥቂት ጎደለ። እንየው ነገሩን ባንድ መንገድ ብቻ ተረዳው፤ ሥራ ጎደለ ማለት ነው አለ። ስለዚህ ጨመረ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ወረደ፤ እንደገና ጨመረ። የሥራው ሰዓት ሽቅብ፣ ምርቱ ቁልቁል ሲሄድ ሰው ቆም ብሎ አያስብም ወይ? ያስባል፤ ለማሰብ ግን መቀመጥ ያስፈልጋል፤ እንየው ደግሞ አይቀመጥም።

መጀመሪያ የተጎዳው በሬው ነው። እንየው ያለው አንድ በሬ፣ ዳልቻ የሚባል ነበር። ጎረቤቱ ሀብቴም አንድ በሬ፣ ቡሬ የሚባል አለው። ሁለቱ ባለ አንድ በሬ ሰዎች ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይቀናጃሉ፤ አንድ ቀን አንዱ በጥማዱ ያርሳል፣ በማግስቱ ሌላው። ቀትር ሲሆን በሬዎቹ ይፈታሉ፤ በበዓል አይጠመዱም። ይህ በወግ የኖረ እንጂ የተነጋገሩበት አልነበረም። እንየው ግን በራሱ ተራ ማታ ድረስ ይነዳቸው ጀመር። አንድ ማለዳ ሀብቴ ቡሬን እየጎተተ የእንየው ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ጫንቃውን አየኸው?»

እንየው አየ። ቀንበሩ የበላው ቦታ ቀልቶ ዝንብ ወሮታል። «አይቸዋለሁ። ትናንት ቅቤ ቀብቸዋለሁ» አለ።

«ቅቤ! ስማ እንየው፣ እኔ በተራዬ ቀትር ላይ እፈታቸዋለሁ። አንተ በተራህ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትነዳቸዋለህ። በማግስቱ ወደ እኔ ሲመጡ ቆመው ነው የሚያንቀላፉት። ላንተ ያርሳሉ፣ እኔ ዘንድ ያርፋሉ።»

«አንተም እስከ ማታ እረስ። ማን ከለከለህ?»

«በሬው ነዋ የከለከለኝ!» አለ ሀብቴ። ቡሬን ከጥጃነቱ ጀምሮ ያሳደገው እርሱ ነው። «ወንድሜ ነህ። ክርስትና ተነሣስተናል። መቀናጆው ግን እዚህ ላይ ይብቃ።»

እንየው ይህን እንደ ስንፍና ቆጠረው። ሌላ የሚቀናጅ ፈለገ፤ ዳልቻ አጥንቱ የወጣ ስለሆነ ያየው ሁሉ ሰበብ እየፈጠረ ሸሸ። በመጨረሻ የሰው ጥማድ ለመዋስ ለአንድ ቀን በሬ ሁለት ቀን በጉልበቱ ይከፍል ጀመር። ማለት፣ የራሱን ማሳ አንድ ቀን ለማረስ የሰው ማሳ ላይ ሁለት ቀን ያርማል። ድካሙ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዳገቴ የምታገኘው ያው አንዱን ቀን ነው። በአንድ ክፉ ዓመት ዳልቻም በእህል ተለወጠ። ከዚያ በኋላ እንየው የቀረው ያ የሽልማት ዶማ ነበር።

በዶማ ዳገት መቆፈር ምን እንደሆነ የቆፈረ ያውቀዋል። በዘወትር ቀን አልበቃው ሲል በበዓላትም ወጣ። በዕለተ ሚካኤል የደብሩ ቄስ መምሬ ወልደ ገብርኤል ከቅዳሴ ሲመለሱ ማሳው ውስጥ አገኙት።

«እንየው፣ ቀኑ ጠፋህ?»

«አልጠፋኝም፣ መምሬ።»

«ታዲያ?»

«መምሬ፣ እርስዎ በዓል ባከበሩ ቀን ይበላሉ፤ እኔ በሠራሁ ቀን ነው የምበላው።»

መምሬ ይቆጣሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። አልተቆጡም። መስቀላቸውን እንደያዙ ዶማውን፣ ከዚያ እጁን አዩ፤ መዳፉ ተሰነጣጥቆ ደም ረግቶበታል። «በልተሃል ወይ ታዲያ?» አሉት ቀስ ብለው። እንየው ዶማውን እንደገና አነሣ። መምሬም ቆሞ መጠበቁ ጭካኔ መስሎ ተሰማቸውና አለፉ። ከዚያ ወዲህ በሚካኤል ማኅበር ጽዋ ሲዞር የእንየው ቦታ ክፍት ሆነ፤ ማንም አላባረረው፤ ራሱ ጊዜ የለኝም ብሎ ቀረ።

ፈትለወርቅም አብራው ትቆፍር ነበር። ከቀለመወርቅ በኋላ የጸነሰችው አልበረከተላትም። እርሷ ስለዚህ አንድ ቀንም ለባሏ አልተናገረችም፤ እርሱም አልጠየቃት፤ ሁለቱም ግን ያውቁ ነበር።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። በሐምሌ መጨረሻ ዝናቡ ሌሊትና ቀን ሳይለይ ወረደ። ድሮ ጎርፉ እየሮጠ ይመጣና የሣሩ ወሰን ጋ ሲደርስ ይገታ፣ ይዞት የመጣውን አፈር እዚያው ያራግፍ ነበር። አሁን የሚገታው የለም። ዝናቡ ሲያባራ እንየው ወጣ፤ ያየውን ዓይኑ አላምን አለው። የዳገቴ አናት ገጦ ነጭ ጭንጫ ወጥቷል። እዚያ ላይ የዘራው ገብስ ከነሥሩ ሄዷል። አፈሩ ወደ በሽሎ በሚወርደው ሸለቆ ውስጥ ግማሹ ተቆልሏል፤ ግማሹ ከወንዙ ጋር አገር ለቋል። ያን ሁሉ ዓመት ያለሰለሰው፣ ያደቀቀው፣ ለጎርፍ እንዲመች አድርጎ ያሰናዳው ራሱ ነበር።

በዚያ ዓመት የተረፈው ገብስ እስከ ጥር አላደረሳቸውም። ቀለመወርቅ ያኔ ጥርሷን ቀይራ የጨረሰች፣ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ ልጅ ነበረች። ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ጠላ የምትሸጥና እንግዳ የምታሳድር ወይዘሮ ንግስት የምትባል ሴት የምትታዘዝ ልጅ ትፈልጋለች ተባለ፤ ለጉርሷና ለልብሷ። ፈትለወርቅ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ግን ልጅቷን ረሀብ ሲያንገዳግዳት አይታ በሦስተኛው ቀን ራሷ ፀጉሯን ሠራችላት። እየሠራች ታለቅሳለች፤ ልጅቷ እንዳታይ ከኋላዋ ሆና።

እንየው ራሱ ይዟት ሄደ። ንፋስ መውጫ ሲደርሱ ልጅቷ እጁን አልለቅ አለች።

«መኸር እስኪገባ ነው» አላት ጎንበስ ብሎ። «መኸሩ እንደገባ መጥቼ እወስድሻለሁ። አባትሽ ቃሉን ያጥፋል?»

«አያጥፍም» አለች።

«እስከዚያ ታዘዢ። ሥራ ከጨረስሽም ተቀምጠሽ እንዳትታዪ፤ የተቀመጠ ሰው አያምርም።»

የሰጣት ምክር ይህ ነው። ያለውን አውርሷታል፤ ከዚህ ሌላ አልነበረውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንየው ዓለም አንድ ነገር ሆነች፤ የሚመጣው መኸር ገብቶ ልጁን ማምጣት። ለመኸር ደግሞ አፈር ያስፈልጋል። አፈሩ ያለው ሸለቆው ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅርጫት አነሣ። ከሸለቆው ሥር ደለሉን በዶማ ይዝቃል፣ በቅርጫት ይሞላል፣ በጀርባው ተሸክሞ ያን ሁሉ ዳገት ይወጣል፣ ጭንጫው ላይ ይደፋል፣ ይወርዳል። ፈትለወርቅም በማድጋ ማዘያዋ ገመድ ሌላ ቅርጫት ታዝላለች። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ፣ ጾሙ ገባ፣ ፋሲካም በላዩ ላይ አለፈ። ሰው ሁሉ ቀትር ላይ ጥላ ሲፈልግ ባልና ሚስቱ ዳገቱ ላይ ይታያሉ። ከቀን ወደ ቀን ጭንጫው ላይ ቡናማ አፈር እየሰፋ መጣ። እንየው አንዳንዴ እየወጣ ብቻውን ይናገር ነበር፤ «ቀለሜ፣ ደረስሁልሽ» ይላል።

አንድ ቀን ሀብቴ ከገበያ ሲመለስ በማሳው ዳር በሚያልፈው መንገድ መጣ። ቡሬን አስቀድሞ ይነዳል፤ ጫንቃው ድኗል፤ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል። እንየው ቅርጫቱን ተሸክሞ፣ ወገቡ ተቆልምሞ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ወደ እርሱ ይወጣ ነበር። ፊት ለፊት ተያዩ። ሀብቴ ቆመ፤ አፉን ከፈተ። እንየውም «ያኑርህ» ለማለት ተዘጋጅቶ ጠበቀ።

ሀብቴ ግን ምንም አላለም። ቅርጫቱን አየ፣ አፈሩን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ በሬውን ነካ አደረገና አለፈ። በሕይወቱ ዘመን ሁሉ እንየው በዘወትር ቀን ሥራ ላይ እያለ «እግዜር ያበርታ» ያላለው ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ቂም ነው ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። ቂም አልነበረም። የሀብቴ ዓይን እንባ ይዞ ነበር፤ እንየውም አይቶታል። ቅርጫቱ በድንገት ከበደው።

ሰኔ ላይ በተመለሰው አፈር የመጨረሻውን ዘር ዘራ። በቀለ። ለምለም ነበር። ፈትለወርቅ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ታየች፤ የራሷን አሮጌ ቀሚስ ቆርጣ ለቀለመወርቅ የሚሆን ቀሚስ ትሰፋ ጀመር።

ሐምሌ ሲጋመስ ሰማዩ ጠቆረ። እንየው የአባቱን አሮጌ ገሳ ከግድግዳ ላይ አወረደና ወጣ። ለምን እንደወጣ አያውቅም፤ ቤት መዋል ብቻ አልቻለም። ዝናቡ ጀመረ። በእጁ ሊያግድ፣ በድንጋይ ሊገድብ ወዲያና ወዲህ ሮጠ፤ አንዱን ሲያቆም ሌላው በስተኋላው ያመልጠዋል። ጉልበቱ ሲከዳው የጥቁሩ ድንጋይ አጠገብ ነበር። ተቀመጠ።

ተቀምጦም አየ። ውኃው ከየት እንደሚነሣ፣ የት ላይ እንደሚጠራቀም፣ የት ጋ ጉልበት እንደሚያገኝ ከዚያ ድንጋይ ላይ ሁሉም ይታያል። ከሌላ ቦታ አይታይም። የድሮዎቹ የሣር ወሰኖች ቆመውበት የነበረው እያንዳንዱ ቦታ ውኃው መግቻ የሚያስፈልገው ቦታ ነበር። አያ በላይነህ እነዚያን ሁሉ ክረምቶች ዝናብ እየወረደባቸው ያዩት የነበረው ይህንን ነው። ሰነፍ አልነበሩም። እየሠሩ ነበር፤ ተቀምጠው። እንየው ይህ ሲገባው ገሳውን ፊቱ ላይ ስቦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከፊቱ በቅርጫት ያወጣው አፈር፣ የሚስቱም ጀርባ የተላጠበት አፈር፣ ከነቡቃያው ጭቃ ውኃ ሆኖ ቁልቁል ይሮጣል። አባቱን ይቅርታ ሊጠይቅ ፈለገ፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። የሚታረስም የለም።

ኅዳር ላይ ከየጭንጫው ስንጥቅ የለቀሙት ገብስ አንድ ስልቻ አልሞላም። ፈትለወርቅ የልጅቷን ቀሚስ ሰፍታ ጨርሳ ነበር። አጥፋ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ሂድና አድርስላት» አለችው። አምጣት አላለችውም።

ንፋስ መውጫ የወይዘሮ ንግስት ግቢ በገበያ ቀን ሰው ይበዛዋል። ሴትየዋ እንየውን ስታይ ፊቷ በራ፤ ክፉ ሴት አልነበረችም።

«የዚህች ልጅ አባት አንተ ነህ? እንኳን ወለድካት!» አለችው። «ጎኗ መሬት አይነካም። ሳልቀሰቅሳት ትነሣለች፤ እረፊ ብላት እሺ አትለኝም። እንዲህ ያለች ሠራተኛ ቤቴ ገብታ አታውቅም።»

ይህን ዓይነት ምስጋና ለመስማት እንየው ዕድሜውን ሙሉ ለፍቷል። አሁን ሲሰማው ግን ፊቱን አዞረ። ወደ ጓሮ ገባ። ቀለመወርቅ ከእርሷ የሚበልጥ ጋን አዘንብላ በግራዋ ቅጠል ታጥባለች። አየችው፤ ተነሥታ አልሮጠችም፤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ጉልበቱን ሳመችና ተመልሳ ጋኑን ያዘች። እጇን አየው፤ መዳፏ ተሰነጣጥቋል።

«እስቲ ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አላት። በዕድሜው ለማንም ሰው «ተቀመጥ» ብሎ አያውቅም፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ልጅቷ ወደ በሩ አየች። «ሥራ አለብኝ፣ አባባ።»

«ትንሽ ብቻ።»

«ከተቀመጥሁ ያዩኛል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ከመጣ ጀምሮ አፏ ላይ ይዛው የነበረውን ጠየቀችው። «መኸሩ ገባ?»

እንየው ቀሚሱን አወጣ። አጭር ነው፤ ልጅቷ አድጋለች። እርሷ ቀሚሱን አየች፣ ፊቱን አየች፣ መልሱን አገኘች። አላለቀሰችም። ጋኑን ከበፊቱ አጥብቃ ማሸት ጀመረች።

«አባባ፣ እኔ ከዚህ የበለጠ ከሠራሁ፣ ከዶሮ ጩኸት በፊት ከተነሣሁ፣ ቶሎ ትወስደኛለህ?»

የሚነግራት ነገር ነበረው። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ አያቷ፣ ስለ ሣሩ፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ሊነግራት ይችል ነበር። ግን ምን ይሠራላታል? አርፋ የምትቀመጥበት ቤት የለውም። እንግዶቹ ከውስጥ ተጣሩ፤ ልጅቷም «አቤት!» ብላ ጋኑን ሳትለቅ መለሰች። እንየው ቀሚሱን እንጨት ክምር ላይ አኑሮ በሩ ድረስ ሄደና ዞረ። ይቅር በይኝ ሊላት አፉን ከፈተ። አፉ የለመደው ግን ሌላ ነበር።

«እግዜር ያበርታሽ» አላት።

«ያኑርህ» አለች፣ ቀና ሳትል።